ቀንድ ቆጣሪዎች

ነገሩ ከመቀየሩ በፊት በአናጢው የሥራ ቤት ውስጥ፣ ከመስኮቱ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ የነበረው ይህ ነው። በግራ ጫፍ ሙጫ ደርቆ የቀረበት ጣሳ፤ ከጣሳው ቀጥሎ ጥርሱ የረገፈ መጋዝ፤ ከመጋዙ ቀጥሎ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ የተኛ አሮጌ ቴሌስኮፕ፤ በቀኝ ጫፍ ደግሞ ከእንጨት የተጠረቡ ስድስት የፍየል ቀንዶች። በማኅደሩ ላይ ስስ ሰጋቱራ ሰፍሮበታል። የጣት አሻራ አልነበረበትም። ባለፈው መኸር ከተራራ ወርዶ እዚያ ከተቀመጠ ወዲህ ማንም አላነሳውም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በሩ ላይ እንደቆመች ያየችው የአናጢው ልጅ ናት። ሥራዋ ማየት ነው። በሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ የደም ሕዋስ ትቆጥራለች። እናቷ «እሷ እኮ ቤት ስትገባ መጀመሪያ ሰላም የምትለው አቧራውን ነው» እያለች ታማርራለች። አባቷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ «ዓይናማዋ» ብሎ ነው የሚጠራት፤ በስሟ የሚጠራት ሲቆጣ ብቻ ነው።

አሮጌው ቴሌስኮፕ ደግሞ በቤቱ ውስጥ «አንድ ዓይና» ይባላል። ሲስቡት የሚረዝም፣ ሲገፉት የሚያጥር፣ ከነሐስ የተሠራ ቱቦ ነው። አባቷ እሷ ሳትወለድ በፊት ጡረታ ከወጣ መርከበኛ ነው ያገኘው። በውስጠኛው መስታወት ላይ፣ ከመሀል ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ አለበት። ሻጋታው ከእሷ ጋር አብሮ ያደገ ነው። አባትና ልጅ የት እንዳለ አብጠርጥረው ስለሚያውቁት፣ የሚያዩትን ነገር ወደ ግራ አድርገው ማየት ልማዳቸው ሆኗል።

በእነሱ አገር የተራራ ፍየል ማደን የሚቻለው በፈቃድ ነው። ፈቃዱ የሚፈቅደውም ያረጀ ወንድ ብቻ ሲሆን፣ ቀንዱ ላይ አሥርና ከዚያ በላይ ቀለበት ሊኖረው ይገባል፤ ፍየሉ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራልና። ብዙው አዳኝ የቀንዱን ርዝመት አይቶ በግምት ይተኩሳል። አናጢው በግምት አይስማማም። «ርጥብ ቦታ የበቀለ ዛፍ ገና ልጅ ሆኖ ጣራ ያህላል፤ ዕድሜውን ማወቅ የፈለገ ሰው ቀለበቱን ይቁጠር» ይላል።

ስለዚህ የራሳቸው ወግ ነበራቸው። አንዱ በአንድ ዓይና እያየ ይቆጥራል፤ በቆጠረው ልክ ከመሬት ጠጠር እያነሳ እጁ ውስጥ ይጨብጣል። ምንም አይናገርም፤ ከንፈሩን እንኳ አያንቀሳቅስም። ከዚያ ሌላው በተራው ያያል፤ እሱም ይጨብጣል። በመጨረሻ ሁለቱ ፊት ለፊት ሆነው እጃቸውን ይከፍታሉ። ጠጠሩ እኩል ከሆነና አሥር ከሞላ ይተኮሳል። እኩል ካልሆነ እንደገና ይቆጠራል። አሁንም ካልተገናኘ ጠመንጃው ይራገፍና ሻይ ተጠጥቶ ወደ ቤት ይወረዳል። ልጅቱ ላቦራቶሪ ከገባች በኋላ ሁለት ባለሙያዎች አንድን ናሙና ሳይነጋገሩ ለየብቻ ሲቆጥሩ አይታ ብቻዋን ፈገግ ብላለች። ይህን ሥርዓት እሷ የወተት ጥርሷን ሳትነቅል ነው የለመደችው።

ባለፈው መኸር እጃቸውን ሲከፍቱ በአባቷ መዳፍ ላይ አሥር ጠጠር ነበር፤ በእሷ መዳፍ ላይ ስምንት። እንደገና ቆጠሩ። እሷ ስምንት፤ እሱ አሥራ አንድ። አባቷ ጠጠሮቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ጨመረና ጠመንጃውን አራግፎ ቁልቁለቱን ተያያዘው።

«መስታወቱ አርጅቷል» አለ መኪናው ጋ ሲደርሱ።

«አዎ አባዬ፣ አርጅቷል።»

ሻጋታው ለዘመናት እዚያው እንደነበረ ሁለቱም ያውቃሉ። ግን ማንም አላነሳውም። ክረምቱ ሁሉ እንደዚያ አለፈ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እራት ላይ፣ አናጢው ማንም ሳይጠይቀው «መስታወቱ ከሆነ መስታወት ይገዛል። ዓይኔ ከሆነ ግን ጠመንጃውንም ፈቃዱንም እመልሳለሁ፤ ግልገል መትቼ መሳቂያ አልሆንም» አለ። እናት ሾርባውን ጨለፈችለት። ልጅቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እሱ ካልወጣ እሷም ተራራውን ደግማ አታየውም። ከሌላ ሰው ጋር ጠጠር መቁጠር በሐሳቧም መጥቶ አያውቅም።

ስድስቱን የእንጨት ቀንዶች የጠረበው ለእሷ ነበር፤ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ። ሁሉንም እኩል ርዝመት አድርጎ፣ በመሮ ቀለበት በቀለበት ፈልፍሎ፣ በቁጥር ብቻ ለያቸው። አንዱን ወስዶ ከእንጨት መጋዘኑ ዳር፣ ከጣውላው ክምር ላይ ያቆመዋል። እሷ በሥራ ቤቱ ደጃፍ በሰጋቱራ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አንድ ዓይናን ታነጣጥራለች። የተላገ እንጨት ሽታ፣ የነሐሱ ቅዝቃዜ፣ ዓይኗን የሚያቅፈው ክብ ጎማ። «አጣብቂው! ዓይንሽን ከጎማው አጣብቂው! ብርሃን ከገባበት ምን ዋጋ አለው?» ይላል ከኋላዋ። ልክ ስትቆጥር ምንም አይላትም፤ ቀንዱን ወስዶ አርቆ ያስቀምጠዋል። የእሱ ሙገሳ ማራቅ ነው። አንድ ቀን ቀንዱ ከመጋዘኑ አልፎ፣ ከአጥሩ አልፎ፣ ከጎረቤት የዶሮ ቤት ጣራ ላይ ሲሰቀል ልቧ በኩራት ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ጎረቤቲቱ ቀንዱን አይታ ሰይጣን መስሏት መጮኋን ደግሞ ቤቱ እስከ ዛሬ እያነሳ ይስቅበታል።

መጀመሪያ ተራራ የወጣች ቀን ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። እነሱ «ወንበሩ» ከሚሉት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ በአንድ ኮት ውስጥ ሁለት ሆነው ተቀመጡ። የቴርሞሱን ክዳን እየተቀባበሉ ሻይ ጠጡ። እጃቸውን ሲከፍቱ ሁለቱም ጋ አሥራ ሁለት ጠጠር ነበር። አባቷ መዳፏን ዘግቶ በሁለት እጁ ያዘው። ጠጠሩ ሞቆ ነበር። ከእሱ እጅ ይሁን ከእሷ የሞቀው፣ አሁን ስታስበው መለየት ያቅታታል።

ሰጋቱራውን ያየች ቀን ቅዳሜ ነበር። ማኅደሩን አነሳችና በመሀረቧ ጠረገችው።

«አባዬ፣ ኮትህን ልበስ። አዲስ አንድ ዓይና ልንመርጥ ነው።»

አናጢው የሚልገውን ጣውላ ለቀቀ። መላጊያውን ከሰጋቱራው አራግፎ አስቀመጠ።

«ቀንዶቹን ያዢ» አለ በመጨረሻ። «ሻጭ የሚያሳየኝን ሳይሆን እኔ የማውቀውን ነው የማየው።»

ሱቁ ካሜራ፣ ባይኖክላርና ቴሌስኮፕ ይሸጣል። በሩ የሚከፈተው ወደ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤ መንገዱ ማዶ ጫፉ ላይ በዱቄት ፋብሪካ አጥር ይዘጋል። ባለሱቋ ጎልማሳ ሴት ናት፤ አፏ አያርፍም፣ እጇም አያርፍም። ለምን እንደመጡ ሲነግሯት አንዱን ትልቅ ቴሌስኮፕ እንደ ሕፃን አቅፋ አመጣችው።

«ጋሼ፣ ይኼን ይመልከቱ። ስልሳ እጥፍ! ጨረቃ ላይ ያለውን አቧራ ቁልጭ አድርጎ ያሳይዎታል።»

«እኔ ጨረቃ ላይ ፍየል የለኝም» አለ አናጢው።

ልጅቱ ክረምቱን ሁሉ ስለዚህ ዕቃ ስታነብ ከርማለች። አጉልቶ ማሳየት ብቻውን ዋጋ እንደሌለው፣ ምስሉ በጎላ ቁጥር የአየሩ መንቀጥቀጥም አብሮ እንደሚጎላ፣ ክብደቱ ዳገት ላይ በሰው ትከሻ እንደሚከፈል ታውቃለች። በልቧ ሦስት ዓይነት መርጣ ነው የመጣችው። ሦስቱንም ሱቁ ደጃፍ ላይ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስተከለች። ባለሱቋን ቀንዶቹን ይዘው ከመጡበት ጆንያ ውስጥ አንድ ቀንድ ሳታሳያቸው እንድታወጣና ፋብሪካው አጥር ላይ እንድትሰቅለው ለመነቻት።

ባለሱቋ ቀንዱን በሻርፗ ሸፍና መንገዱን ወረደች። ፀጉር ቤቱ በር ላይ የቆመ ሰው «ምነው፣ ገበያው ከፍቶ ከብት ርቢ ገባሽ እንዴ?» ሲላት፣ ዞር ብላም ሳታየው «አንተንም እሰቅልሃለሁ፣ ዝም በል!» አለችው።

አናጢው ኮቱ ኪስ ውስጥ እጁን አስገባ። ያለፈው መኸር ጠጠሮች፣ ከዚያም በፊት የነበሩት፣ ገና እዚያው ነበሩ። እናት «ድንጋይ የተሸከመ ኮት አላጥብም» ብላ ከተወችው ቆይታለች፤ ኮቱ በአንድ በኩል ወደ ታች ተንጋዷል። ግማሹን ለልጁ አካፈላት።

መጀመሪያ በትልቁ አዩ። ከአስፋልቱ የሚነሳው ሙቀት ቀንዱን እንደ ውሃ ውስጥ ዓሣ ያወዛውዘዋል፤ ልጅቱ ማጉያውን ወደ ግማሽ ስትመልሰው ረጋ። ቆጠረች። አባቷ አጎነበሰ፤ ዓይኑን ከጎማው አጣበቀ፤ ቆጠረ። እጃቸውን ከፈቱ። እሷ ሰባት። እሱ ዘጠኝ።

ባለሱቋ ሌላ ቀንድ ሰቅላ ተመለሰች። በትንሿ፣ በቀላሏ ቴሌስኮፕ አዩ። እሷ አምስት። እሱ ሰባት።

አናጢው ሁለቱን መዳፎች እያፈራረቀ አየና ጠጠሩን ኪሱ ውስጥ ጨመረ።

«በቃ» አለ በዝግታ ወደ ባለሱቋ ዞሮ። «የሰው ጊዜ አናባክን። ቀንዱን አምጪልን ልጄ።»

«ጋሼ፣ አንድ ይቀራል እኮ! ሦስተኛውን ሳያዩ?»

«እሱን ለዓይን ላለው ሰው ሽጪ።»

ልጅቱ ሦስተኛውን እንዲያይ ልትለምነው ፈለገች፤ ከዚያ ግን ሥራዋ ላይ እንደምታደርገው ራሷን ገታች። ውጤቱን እንደገና አየችው። አሥር በስምንት፣ ዘጠኝ በሰባት፣ ሰባት በአምስት። ዓይኑ የደከመ ሰው መስመር ይጠፋበታል፤ ቁጥሩ ሊያንስ ነው የሚገባው። አባቷ ግን ሁልጊዜ የሚቆጥረው አብልጦ ነው። የሌለ መስመር ያያል ማለት ነው።

ቀና ብላ ፊቱን አየችው። በአፍንጫው ግራና ቀኝ፣ ከዓይኑ ሥር፣ ሁለት ትናንሽ ቀያይ ጉድጓዶች ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ከጎኑ ሆና አላየቻቸውም ነበር፤ እሷ የምታየው ቴሌስኮፑን ነበር።

«አባዬ፣ መነጽር አለህ እንዴ?»

«የምን መነጽር?»

«አፍንጫህ ላይ ያለው ምልክት ታዲያ ትንኝ ነው?»

አናጢው አፍንጫውን በመዳፉ ሸፈነ። «ለጋዜጣ ነው።»

«ጋዜጣ መች አንብበህ ታውቃለህ? ሙጫ ነው የምትጠቀልልበት!»

ባለሱቋ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። አናጢው ከውስጠኛው ኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ መነጽር አወጣ፤ የሰረቀው ዕቃ የተገኘበት ይመስል ነበር።

«ሐኪሙ ነው የሰጠኝ። ዓይንህ ኳስ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል ሆኗል አለኝ። አንዱን መስመር ሁለት ያደርግብኛል። ያለዚህ መኪና እንዳትነዳ ብሎ...»

«ታዲያ ለምን አላደረግኸውም?»

«በመነጽር ላይ እንዴት ዓይን ይጣበቃል? አንቺን ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም? ዓይን ከጎማው ካልተጣበቀ ምን ይታያል? ደግሞ መነጽር ያደረገ አዳኝ አይቼ አላውቅም።»

ልጅቱ ክረምቱን ሁሉ የትኛው መስታወት ይጠራል፣ የትኛው ይከብዳል እያለች ስትመረምር፣ በመስታወቱ የሚያየው የማን ዓይን እንደሆነ ራሷን ጠይቃ አታውቅም። ለራሷ ዓይን ነበር የመረጠችው። ላቦራቶሪያቸው ውስጥ የክፍሉ ኃላፊ ባለ መነጽር ናት፤ ኃላፊዋ የምትሠራበት ማይክሮስኮፕ ከዓይን ራቅ ብሎ የሚታይበት ልዩ መስታወት አለው። ልጅቱ በየቀኑ በአጠገቡ ታልፋለች።

«እህቴ፣ ነጭ ወረቀትና ማስመሪያ ይኖርሻል?»

ባለሱቋ ሁለቱንም ሰጠቻት። ልጅቱ የትልቁን ቴሌስኮፕ የዓይን ጎማ ወደ ታች አጠፈችና ወረቀቱን ከመስታወቱ ጀርባ ያዘች። ወረቀቱ ላይ ትንሽ የብርሃን ክብ ታየ። ወረቀቱን ስታርቀው ክቡ ሰፋ፤ ስታቀርበው ጠበበ፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ጫፉ በምላጭ የተቆረጠ ያህል ጠራ።

«ዓይንህ መሆን ያለበት እዚህ ነው» አለች። «ከዚህ ከቀረበም ከራቀም ምስሉ ይቆረጣል።» በማስመሪያው ለካች። አሥራ ሦስት ሚሊ ሜትር። የትንሿ ደግሞ አሥራ ሁለት። መነጽሩን አባቷ ዓይን ላይ አድርጋ ከጎን ሆና አየች፤ ብርጭቆው ከዓይኑ ያለው ርቀት ብቻውን ይህንን ያህል ነበር። ለዓይኑ የሚተርፍ ቦታ የለም። እንዲያም ሆኖ በመነጽሩ በትልቁ እንዲሞክር አደረገችው።

«በቁልፍ ቀዳዳ የሰው ቤት እንደማየት ነው» አለ አናጢው። «ግማሹ ቀንድ የታለ?»

ሦስተኛው ቴሌስኮፕ የዓይን መስታወቱ ወደ ላይ ያዘነበለ ነው። እንደ ትልቁ አያጎላም፤ መልኩም ዱባ ይመስላል። ወረቀቱን ከኋላው ያዘች። ክቡ እስኪጠራ ድረስ ብዙ ማራቅ ነበረባት። ማስመሪያው ሃያ ላይ ቆመ።

ማንም ሳይነግራት ባለሱቋ አዲስ ቀንድ በሻርፗ ሸፍና ወርዳ ነበር። ተመልሳ ስትመጣ እያለከለከች ነው።

አናጢው መነጽሩን አስተካክሎ ጎንበስ አለ። ከልማዱ ግንባሩን ሊያስጠጋ ሲል ብርጭቆው ከብረቱ ጋር ቀጭ አለ፤ ደንግጦ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸ። እዚያው ቀረ። ትንፋሹን ያዘ። እጁ ወደ ኪሱ ሄደ። ልጅቱ እጁን ላለማየት ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች፤ እንደ ወጉ።

በተራዋ ቆጠረች። ፊት ለፊት ቆሙ።

እሷ ስምንት። እሱ ስምንት።

«ዘጠኝ ነው እኮ!» አለች ባለሱቋ፣ በትልቁ ቴሌስኮፕ እያጮለቀች።

«አንቺም ሐኪም ጋ ሂጂ» አለ አናጢው። የራሱን ጠጠሮች በጣቱ እየገፋ አንድ በአንድ ደግሞ ቆጠራቸው። ከዚያ የልጁን መዳፍ ዘግቶ በሁለት እጁ ያዘው።

ማታ እናት መነጽሩን ተቀብላ እግሮቹ ላይ ጠንካራ ክር ሰፋችለት፤ ከአንገት ኋላ የሚታሰር። «ከገደል ወድቆ ቢሰበር ሌላ የለህም» አለችው። «ይልቅ ያንን ኮት ዛሬ አራግፈው፣ አጥብልሃለሁ።» አናጢው ጠጠሮቹን ከኪሱ አውጥቶ መደርደሪያው ላይ፣ ከአንድ ዓይና ማኅደር ጎን፣ ከመራቸው። አንድ ዓይናን ደግሞ ከማኅደሩ አውጥቶ ነሐሱን በዘይት ወለወለና መልሶ አስተኛው።

የአደኑ ወራት ሲገባ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። አሁን አንድ ኮት አይበቃቸውም፤ ቢሆንም ትከሻ ለትከሻ ተጠጉ። ከሱቁ የገዙት ሦስተኛው ቴሌስኮፕ የዓይን መስታወቱ ያዘነበለ በመሆኑ፣ ለረጅሙ አባትና ለአጭሯ ልጅ ተብሎ ማቆሚያው መውጣት መውረድ አላስፈለገውም፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ቦታውን ይይዛል። ከሸለቆው ማዶ፣ ጠባብ የድንጋይ መደብ ላይ፣ አንድ ትልቅ ወንድ ፍየል ተኝቶ ያመነዥካል። ቀንዱ ወደ ጀርባው ተጠምዝዟል። ረጅም ነው፤ በግምት የሚሄድ ሰው ቢሆን እስካሁን ተኩሷል።

አናጢው ክሩን አንገቱ ኋላ አሰረ። ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር ቆጠረ። መጨረሻው ቀለበት አንገቱ ጠጉር ውስጥ ስለተደበቀ ፍየሉ ራሱን እስኪያዞር ጠበቀ። እጁ መሬት ላይ አንድ ጠጠር አነሳ፤ አመነታ፤ መልሶ አስቀመጠው። ተነስቶ ቦታውን ለቀቀላት።

ልጅቱ ቆጠረች። እሷም ፍየሉ ራሱን እስኪያዞር ጠበቀች።

እጃቸውን ከፈቱ። ሁለቱም መዳፎቹን አዩ። ነፋሱ ከሸለቆው እየመጣ የኮቱን ጫፍ ያርገበግባል። ታጥቦ ነበር፤ የሳሙና ሽታ አለው።

«ዓይናማዋ» አለ።

«አቤት አባዬ።»

«ሻይ አለ?»

የቴርሞሱን ክዳን ሞላችለት። እሱ ጠመንጃውን አራገፈና ጎኑ አስተኛው። ከዚያ የሁለቱንም ጠጠር አንድ ላይ አድርጎ፣ ንጹሕ ኪሱ ውስጥ ጨመረው። በእሱ እጅ የነበረው ዘጠኝ፣ በእሷ እጅ የነበረው ዘጠኝ ነው። ፈቃዱ የሚጠይቀው አሥር ነው። ፍየሉ አንድ ዓመት ይቀረዋል።